ያልሰማው አጋዘን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ታዲያ አሁን ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። እኔም ሳላፍር "እየፎከርኩ ነዋ!" እላለሁ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት የሌላ ሰው ፉከራ ቆሜ በመስማት ነው፤ ቢላዋ በእጄ፣ ሽርጥ በወገቤ፣ አፌ ግን ዝግ። አሁን ተራው የኔ ነው። የምፎክረው በአንድ አጋዘን ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ካላወራሁት ግን ምኑ እንደሚያስፎክር አይገባችሁም።

ሰይድ እባላለሁ። የተወለድኩት ደሴ ነው፣ ሥጋ ቤት ጓዳ ማለት ይቻላል። አባቴ ብልት አውጪ ነበር። የበሬን ጭን ያለ መጋዝ፣ ያለ መጥረቢያ፣ ሥጋው ራሱ በሚለያይበት መስመር እየተከተለ ሽንጡን ከታላቁ፣ ታላቁን ከታናሹ ይለይ ነበር። እኔ እጁን ወርሻለሁ። ትዕግሥቱን ግን ለወንድሞቼ አካፍሎ ሲጨርስ ነው መሰለኝ የደረስኩት። እናቴ "ይሄ ልጅ የተወለደውም ቸኩሎ ነው" ትል ነበር። ይህን ችኮላዬን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ከአገር ወጥቼ ባሕር ማዶ ኦክላንድ እንደገባሁ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ። ከዚያ ኤመሪቪል ሬስቶራንት ገብቼ ሳህን አጠብኩ። ደመወዙ ለኪራይና ለአውቶቡስ ይበቃ ነበር፣ ሌላውን አላነሳውም። አንድ ቀን ሼፉ የበግ ጭን ይዞ እንደ እንጨት ሲገዘግዝ አየሁና መቻል አቃተኝ። እጄን አደራርቄ ቢላዋውን ተቀበልኩትና ጭኑን አፍታትቼ ሰጠሁት። ሼፉ ሳቀ፤ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ሥጋ ቆራጭ የሚፈልጉ ሽማግሌ አውቃለሁ፣ እዚያ ሂድ፣ እዚህ ሳህን እያጠብክ ዕድሜህን አትጨርስ አለኝ።

ሽማግሌው ማኑዌል ይባላሉ። አያታቸው ከፖርቱጋል ደሴት መጥተው የከፈቱት ጠባብ ሥጋ ቤት ነበራቸው። እሳቸውም እንደ አባቴ ዝምተኛ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጥጃ ጭን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ብልቱን አወጣሁላቸው። ሽርጥ አቀበሉኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልንገርዎት አልኳቸው፤ ሙስሊም ነኝ፣ አሳማ አልነካም። ሥጋ ቤቱ ግማሹ የአሳማ ቋሊማ ስለነበር ሽርጡን መልስ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ማኑዌል ጢማቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

"እንግዲያው አሳማው የኔ፣ አጋዘኑ ያንተ" አሉኝ።

አጋዘን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በበጋው መጨረሻ የአደን ወቅት ሲከፈት ነው። አዳኞች በፒክአፕ እየጫኑ ያመጣሉ። የአደን ሥጋ መሸጥ ክልክል ስለሆነ የኛ ሥራ ገፍፎ፣ ሰቅሎ፣ ቆራርጦ፣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው። አጋዘን ደግሞ በሬ አይደለም። ሞራው ከላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ስለዚህ አንዲት ፍንጣሪ ሳትቀር ይወጣል። ሥጋውን የሸፈነውን ነጭ ስስ ሽፋን በቀጭን ቢላዋ ከሥር ገብተህ፣ ስለቱን ወደ ላይ አዘንብለህ ትገፈዋለህ፤ ከቸኮልክ ሥጋውም አብሮ ይሄዳል። ውሃ አይነካውም፣ በንጹሕ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ማኑዌል አጠገቤ ቆመው ስቸኩል በጉሮሯቸው "እህ" ይላሉ። ያችን "እህ" ከእናቴ ቁጣ ይልቅ ፈራኋት።

የሳቸው ነገር ግን ሌላ ነው። አዳኝ ሲገባ ሬዲዮውን ያጠፋሉ፣ ቢላዋቸውን ያስቀምጣሉ፣ "ንገረኝ" ይላሉ። ሰውየው ይጀምራል። ርቀቱ፣ ገደሉ፣ ቀንዱ፣ በአንድ ጥይት እንዴት ድፍት እንዳለ። ማኑዌል እስኪጨርስ አያቋርጡትም። ከዚያ እጃቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው በሽርጣቸው ያደርቁና አውራ ጣታቸውን ሽንጡ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚናገሩት ከሁለት አንዱን ነው፤ "ሰምቷል" ወይም "አልሰማም"።

ምስጢሩን ያስተማሩኝ ከሁለት ወቅት በኋላ ነው። አውሬው ደንግጦ ከሮጠ፣ ቆስሎም ከተባረረ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ጣት ላይ ሙጫ ሙጫ ይላል። ሞት ሲመጣበት ሳይሰማ የወደቀ ከሆነ ግን ሥጋው ጥርት ያለ ቀይ ነው፤ አውራ ጣትህን ተቀብሎ መልሶ ይገፋሃል። አንድ ጊዜ ከኮንኮርድ የመጣ ግዙፍ ሰው ስለ አንድ ጥይቱ ሲተርክልን ቆየ። ማኑዌል ጣታቸውን አሳርፈው "ሰምቷል" ሲሉት ሰውየው ቀላ። አብሮት የመጣው አማቹ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ግድግዳ ተደገፈ፤ ለካ ግማሽ ቀን ሙሉ ሸለቆ ለሸለቆ ሲያባርሩት ነው የዋሉት።

ከሁሉ ግን የማትረሳኝ ዶሎረስ ናት፣ ፍሩትቬል የምትኖር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር። አንድ ትንሽ አጋዘን ይዛ መጣች፣ ቀንዱ እንኳ ገና ሁለት ጣት ያወጣ። ማኑዌል "ንገሪኝ" አሏት። "እየበላ ነበር" አለች፣ በቃ፣ ሌላ አልጨመረችም። ማኑዌል ጣታቸውን አሳረፉ፣ ቆዩ፣ ኮፍያቸውንም አወለቁ። "አልሰማም" አሏት። በዚያ ቀን ቀንድም ርቀትም ከዓይኔ ወደቀ። የሚያስፎክር አደን የዚች ሴትዮ ነው አልኩ ለራሴ፣ አንድ ቀን ማኑዌል ለኔም ይህችን ቃል እንዲሉኝ ተመኘሁ። ምኞቱ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም።

ሌላም ምኞት ነበረኝ፤ መቅመስ። ያን ሁሉ ዓመት አጋዘን ስቆርጥ አንዲት ጉርሻ አልቀመስኩም። ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፣ አልቋል። ደንበኞች ሽንጡን ሳይቀር ሊሰጡኝ ይለምኑኛል፣ እኔ አመሰግናለሁ እያልኩ እጠቀልላለሁ።

በዚህ ነገር የሚያላግጥብኝ ግርማ ነው። ግርማ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ፣ የኦክላንድ ኤርፖርት ሊሞ ነጂ፣ የአደን ፍቅሩ ሚስቱን ያስመረረ ሰው ነው። በየዓመቱ አጋዘኑን ጭኖ ገና በሩ ላይ "ገዳይ!" እያለ ነው የሚገባው። አገር ቤት በአንበሳ ነው የሚፎከረው፣ ለሚዳቋ ማን አጨበጨበ እለዋለሁ። እሱ ምን ገዶት። "ነፍሱ ሳይወጣ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ ባረኩት!" ይላል፣ ትልቁ ፉከራው ይህ ነበር። ማኑዌል ታዲያ የግርማን አጋዘን አንድም ዓመት "አልሰማም" ብለውት አያውቁም። ሁሌ "ሰምቷል" ነው። ግርማ ይናደዳል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አልገባንም ነበር።

የማኑዌል ዳሌ እምቢ ሲላቸው ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ሳን ሆሴ አንድ ትልቅ መደብር ተቀጠርኩ፣ ልጄ ሐያት እዚያ ነርስ ስለሆነች ቤትም ወደዚያው ለወጥን። አለቃዬ ጨዋ ልጅ ነበር፣ ግን ሥጋ የሚመጣው አጥንቱ ወጥቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ በካርቶን ነው። ሥራዬ ካርቶን መክፈትና ዋጋ መለጠፍ ሆነ። ቢላዋዬ ከመሳቢያ የምትወጣው ካርቶን ለመቅደድ ብቻ ነበር፤ ይህ ሲቆጨኝ ኖሮ ጡረታዬ ሲደርስ አንድ ቀን አልጨመርኩም። የመጨረሻው ቀን ኬክ ቆረጡልኝ። ኬኩንም እኔው ነኝ የቆረጥኩት፣ አምሮ።

በማግስቱ ለሐያት "አደን ልወጣ ነው" አልኳት። የአዳኞች ትምህርት መውሰድ ግዴታ ስለሆነ አብራኝ ተመዘገበች፣ እሷ ፈተናውን በአንደኛው አለፈች፣ እኔ በሁለተኛው። ከዚያ ወደ አንድ ሼህ ሄድኩ። "ስትተኩስ ቢስሚላህ ካልክ በጥይትህ ሞቶ ብታገኘውም ይበላል፤ ነፍስ ካለው ግን ታርዳለህ" አሉኝ። ጆሮዬ ሰማ። እጄ ግን የደሴ እጅ ነው፣ ቢላዋ ያልነካውን ብላ ብትሉት እሺ አይልም።

ዶሎረስ ወንድሟ ከሃሚልተን ተራራ ጀርባ ከብት የሚያረባበት መሬት አለው፣ ደውዬላት ፈቀደችልኝ። የመጀመሪያው ዓመት ጠዋት ላይ አንድ የሚያምር ወንድ አጋዘን ከኦክ ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘነው። ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። በጉልበቱ ወደቀ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልታየኝም፤ ነፍሱ ሳይወጣ ልድረስበት! ጠመንጃውን ለሐያት ወርውሬ ማለት ይቻላል፣ ቢላዋ መዝዤ ቁልቁለቱን በረርኩ። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ቢላዋ እያብለጨለጨ፣ እየጮኸ ሲመጣበት ማን ይተኛል? ተነሣ። ቁልቁል ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

ቀኑን ሙሉ ፈለግነው። ደሙን ተከትለን ወረድን፣ ደሙ ቀጠነ፣ ጠፋ። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ቁጥቋጦው ቆዳዬን አሳክኮ አሳበጠው። ሐያት አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ዶሎረስ ስትመጣ ለምን እንደሮጥኩ ነገርኳት። አልሳቀችም። የተመታ አጋዘን ካልተከተሉት ቅርብ ሄዶ ይተኛል፣ ተኝቶም በሰላም ይሞታል፤ ካዩት ግን ሞቱን ይዞ ይሮጣል አለችኝ። ተኩስህን ጨርሰህ ቁጭ በል፣ እስኪረሳህ ድረስ። ያን ጊዜ የግርማ ነገር በራልኝ። ያን ሁሉ ዓመት "ደርሼ ባረኩት" እያለ የፎከረው፣ ሥጋውን ያበላሸበት ራሱ ሩጫው ነው። የሳቅኩበት እኔ ደግሞ ከእሱ ብሼ ተገኘሁ፣ እሱ ቢያንስ ይደርስበታል።

ማኑዌል ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ወንበር ላይ ናቸው። እንደ ድሮው እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ባዶው የወንበር መደገፊያ ላይ አሳረፉ።

"ሰምቷል" አሉኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አንድ እንስሳ አቁስዬ በከንቱ አጥፍቻለሁ፣ ሥጋው ለማንም አልሆነም፣ ይህ የብልት አውጪ ልጅ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አዘንኩ። እውነቱን ለመናገር የመጨረሻው ወራት ላይ ሐዘኑ ወደ እልህ ተለወጠ። ማኑዌልም እያረጁ ነው፤ ያቺን ቃል ከአፋቸው ሳልሰማ ቢሄዱ ምን ይውጠኛል?

በሁለተኛው ዓመት በዚያው ሸንተረር ላይ ጎህ ሳይቀድ ተቀመጥን። ፀሐይ ስትወጣ ሐያት እጇን ዘረጋች።

"አባ፣ ቢላዋውን ስጠኝ።"

"ምን ልታደርጊበት?"

"አይ ኖው ዩ። ካንተ ጋ ከሆነ ትሮጣለህ። ጊቭ ኢት ቱ ሚ።"

አባቴ ከሞተ ወዲህ ቢላዋዬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሰጠኋት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ላዩም ላይ ተቀመጠችበት።

ነፋሱ ፊታችንን ይነካል፣ ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ መጣ። ካለፈው ዓመት ይበልጥ የከበደ፣ ቀንዱ ሹካ የሠራ፣ አንገቱ የወፈረ። አልቸኮለም፣ እንደኔ አይደለም። ከአንድ ቅርንጫፍ ቅጠል ነጨ፣ አኘከ፣ ሌላ ነጨ። ጎኑን እስኪሰጠኝ ጠበቅኩ። ትንፋሼ ቀስ ብሎ ሲወጣ ቢስሚላሂ አላሁ አክበር አልኩና ቃታ ሳብኩ። ነቅነቅ አለ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ከኦኩ ጀርባ ተሰወረ።

ስነሣ አልታወቀኝም። ቆሜ ነው ራሴን ያገኘሁት፣ እጄ ወገቤ ላይ ቢላዋ ይፈልጋል።

"ሲት ዳውን፣ አባ" አለች ሐያት በሹክሹክታ።

"ይሞታል እኮ። ሳልደርስበት ይሞታል።"

"ቢስሚላህ ብለሃል። ሰምቼሃለሁ። ሲት።"

ቁጭ አልኩ። ወንድሞቼ፣ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፣ ብዙ አለቃ ችያለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ማለት የበረታ ሥራ ግን አልገጠመኝም። የሞተው አባቴ፣ አያቴ፣ የደሴው ሰፈሬ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ "ሩጥ! ሳይሞት ድረስበት!" ይሉኛል። ሐያት ከፔርሙስ ሻይ ቀዳችልኝ፣ እጄ ላይ ፈሰሰ። ስለ አያቷ ንገረኝ አለችኝ። ስለ አባቴ እጅ ነገርኳት፣ ቢላዋው እንዴት በሥጋው መሀል ድምፅ ሳያሰማ እንደሚያልፍ። ከዚያ በፊት ጠይቃኝም፣ ነግሬያትም አላውቅ። ሻዩ አለቀ፣ ወሬው አለቀ፣ ፀሐይዋም ከፍ አለች። "ናው" አለችኝ።

ቀስ ብለን ወረድን። ከኦኩ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ እግሩን አጥፎ እንደተኛ ከብት ጋደም ብሏል። ሞቷል። ጎንበስ ብዬ አፉን ከፈት ሳደርገው ያልታኘከ የኦክ ቅጠል ምላሱ ላይ ነበር። ሐያት አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንባዋ መጣ። እኔም አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሸለቆው መለሰልኝ። ከዚያ ቢላዋዬን መለሰችልኝ፣ አሁን መቸኮል የሚገባው ጊዜ ነበርና ሙቀቱ ሳይቀድመኝ ሆድ ዕቃውን አወጣሁ፣ ገፈፍኩ፣ በረዶ የሞላ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። በዚያ ፍጥነቴ ተኩሱን ሰምታ ከወንድሟ ቤት የመጣችው ዶሎረስ እንኳ አፏን ይዛለች።

ከሸንተረሩ በቀጥታ የነዳነው ሳን ሊያንድሮ ማኑዌል ቤት ነው። ግርማ ወሬውን በስልክ ሰምቶ ቀድሞን ደጃፉ ላይ ቆሟል። የበረዶውን ሣጥን ተሸክሞ አስገባልኝ፣ ሥጋውን ጓሮ ባለው ጠረጴዛ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ዘረጋሁት። ማኑዌል በወንበራቸው ቀረቡ። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር፣ ልጃቸውን ልከው አስጠፉት።

"ንገረኝ" አሉኝ።

ያን ሁሉ ዘመን ያዳመጥኳት ቃል ወደ እኔ ዞራ ስትመጣ ምላሴ ታሰረ። ከዚያ ተፈታ፣ ማን ይያዘው! ስለ ነፋሱ፣ ስለ አንገቱ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሻዩ። ሐያት ሳጋንን ታርመኛለች። ማኑዌል እስክጨርስ ጠበቁኝ። ውሃ አመጣሁላቸው፣ ቀዝቃዛ፤ ታጠቡ፣ አደረቁ። እጃቸውን ይዤ ሽንጡ ላይ አደረስኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ገባ፣ ሥጋው ገፋው፣ ደግመው ሞከሩ። ከዚያ በቀኝ እጃቸው ኮፍያቸውን ፈልገው አወለቁ።

"አልሰማም" አሉ።

ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ማኑዌል ግን አልጨረሱም፣ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። "አንተን አውቅሃለሁ፤ ማን ነው ያስቀመጠህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አለች ሐያት።

እጇን ጠየቋት። አውራ ጣቷን ይዘው ሽንጡ ላይ አሳረፉት፣ እንዴት እንደሚገፋ ያሳዩአት ጀመር፣ እኔን ሲያስተምሩኝ እንዳደረጉት። ዓይኗን ጨፍና "ኦ" አለች ቀስ ብላ።

ግርማ በበኩሉ ዓመት በዓመት "ሰምቷል" የተባለበትን ምክንያት ስነግረው ራሱን ያዘ። "ታዲያ እኔስ ቁጭ ልበል? ይሄን ቄሱን ሳልጠይቅ አይሆንም" አለ። ሥጋውን ጠዋት ከቤት ጭነነው በወጣነው፣ አሳማ ባልነካው መጥበሻ፣ በቅቤና በቃሪያ ሐያት ጠበሰችው። ለግርማ አላቀረብንለትም፣ እንደማይበላ እናውቃለን፣ የፍየል ጥብሱን ከቤቱ ይዞ መጥቷል። "ሥጋህን አልበላም፣ ፉከራህ ግን አያመልጠኝም" ብሎ ተነሣና ጓሮው መሀል ቆሞ እኔን ይፎክርልኝ ጀመር፣ "ገዳይ!" እያለ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። በአንበሳ ብቻ ነው የሚፎከረው ያልኩትን አስታወሰኝና ሳቅን።

ከዚያ ጎረስኩ። ያን ሁሉ ዓመት በጣቴ ብቻ የማውቀውን ሥጋ በምላሴ አወቅሁት። ጥርስ አይፈልግም፣ ከመሬት የወጣ ነገር ጣዕም አለው፣ ቅጠል ቅጠል ይላል። ማኑዌል ቀስ ብለው ሲያኝኩ አያቸዋለሁ፣ እሳቸውም በደከመ ዓይናቸው ወደኔ ያያሉ።

አሁን ከሶላት በኋላ፣ ባርት ባቡር ላይ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ማንም ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ እጀምረዋለሁ። ቀንዱ ስንት ነበር ይሉኛል፣ ከምን ያህል ርቀት መታኸው ይሉኛል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ገና አልገባውም። ይህ የደሴ ችኩል፣ ቢላዋውን ለልጁ ሰጥቶ፣ አጋዘን ከዛፍ ጀርባ እየሞተለት፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ እላቸዋለሁ። እናቴ ብትኖር ይህን አታምንም ነበር።